የተቀጠለው ማተብ

ሽንዲ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአያቴ እህት ለእቴቴ እታለም፤

ክረምቱን ያሻገረ አምላክ እርስዎንም ከነጉልበትዎ ሕመም በደኅና እንዳሻገረዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በሕይወት አለሁ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ከሽንዲ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው መንገድ ባሕር ማዶ ሆኖብኛል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ዘሩ የሚባል የእህል መኪና ሾፌር ነው። መንገድ ሲከፈትለት ይመጣል፣ ሲዘጋበት ቡሬ ያድራል። ቢዘገይ አይፍረዱበት።

ትምህርት ቤታችን ዘንድሮም አልተከፈተም። የሳይንስ መምህር ያለ ተማሪ ምን እንደሚሠራ ቢጠይቁኝ፣ እውነቱን ልንገርዎ፦ የእጅ ምትሃት እያጠናሁ ነው። ሳንቲም ማጥፋት፣ ከሰው ጆሮ እንቁላል ማውጣት፣ የተቆረጠ ገመድ መቀጠል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስልኬ ላይ ያስቀመጥኳቸው ቪዲዮዎች ነበሩ፤ ጎረቤት ያለው ሶላር ፀሐይ ባገኘ ቁጥር እነሱን እያየሁ እለማመዳለሁ። ይስቁብኛል፤ ግን ይስሙኝ። እዚህ ያሉ ልጆች ተኩስ ሲሰሙ ከየት አቅጣጫ እንደሆነና በምን መሣሪያ እንደሆነ መለየት ተምረዋል። ሌላም ነገር ይማሩ ብዬ ነው።

እጄ ሠልጥኗል። ሰው ግን አይቆምልኝም። ባለፈው የገበያ ቀን ከዶሮ ተራ አጠገብ ቆሜ ብዙ ተናገርኩ፤ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ዓይን ስሕተት። እንቁላሉ ሳይጠፋ ሰው ጠፋ። አንድ ሽማግሌ፣ «አንተ መምህር፣ እንቁላሉን ካጠፋኸው አይቀር ግብር ሰብሳቢውንም አብረህ አጥፋልን!» ሲሉ ሕዝቡ ለእሳቸው ሳቀ። አንዲት ዶሮ ሻጭ ደግሞ፣ «ኧረ ዶሮ እንኳ ከጣለች በኋላ ነው የምታስካካው!» አለችኝ።

እርስዎ መምህርት ሳሉ በወላጆች ቀን አፉን የማይከፍት ሕፃን አንበሳ አድርገው መድረክ ላይ ሲያወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ፊት መቆምን ያስተምሩኝ። ቀይ የሐር ሻሽ ካለዎትም ይላኩልኝ።

እጅዎን እየሳምኩ፣
ቴዎፍሎስ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቴዎፍሎስ፤

ካለህበት የሚጠብቅህ አይተኛ። እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ ጉልበቴም እንዳለ አለ።

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብሁት ወንድሜን፣ አያትህን ነው። የልጅ ልጁ ገበያ መካከል እንቁላል እያጠፋ ነው ቢባል ምን ይል ነበር? ይህን አልሁና ወረቀቱን አስቀመጥሁት። ማታ ግን ስለ ልጆቹና ስለ ተኩሱ የጻፍኸውን ደግሜ አነበብሁ። ስለዚህ እመልስልሃለሁ። ሥራ ከሆነ በወጉ ይሠራ።

ዶሮ ሻጯ ትክክል ናት። ደብረ ማርቆስ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስተማሩን መምህርት እጅጉ ግጥም ልናነብ ስንወጣ፣ «ጸጥታን ሳትቀበሉ ቃል አትስጡ» ይሉን ነበር። የቸኮለችውን ወደ ወንበሯ ይመልሷታል፤ እንደገና ትወጣለች፤ እንደገና ይመልሷታል። አንተም ስትደርስ ዝም ብለህ ቁም። ሰዎቹ ምን ሆነ ብለው እስኪመለከቱህ ድረስ ቁም።

ዓይንህ የሄደበት የሰው ዓይን ይሄዳል። የምትደብቅበትን እጅ እየሰረቅህ ካየኸው ሌባ መሆንህን ነገርኻቸው ማለት ነው። ሰውየውን ዓይን ዓይኑን እይ። እጅህ የሚሠራበት ጊዜ አፍህ ይረፍ፤ አፍህ የሚናገርበት ጊዜ እጅህ ይረፍ። እግርህን አታወዛውዝ። ሸሚዝህ የታጠበ፣ እጅጌህ የተሰበሰበ ይሁን። በመስተዋት ፊት አትለማመድ፤ መስተዋት ያባብላል። በግድግዳ ፊት ተለማመድ። አራት ነገር ማሳየት ከቻልህ ሦስቱን አሳይና ሰው ገና ሲፈልግህ ሂድ።

ሻሹን ልኬልሃለሁ። የሠርጌ ነው። አጣጥፈህ ያዘው።

እታለም


ሽንዲ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እቴቴ፤

የላኩልኝ ሻሽም ምክርም እንደ ዘር በጥሩ መሬት ወድቋል። እግዜር ዕድሜ ይጨምርልዎ።

እንዳሉኝ ዝም ብዬ ቆምኩ። አንድ ልጅ፣ «መምህር ታመሙ እንዴ?» አለ። እናቱ፣ «ዝም በል፣ ሊጸልዩ ነው» አለችው። ሰው ተሰበሰበ። ዝምታው ሲመጣ እጄ ላይ እንደ ወፍ ሲያርፍ ተሰማኝ። ከዚያ ስለ ግብር ሰብሳቢው ከቀለዱብኝ ሽማግሌ ጆሮ እንቁላል አወጣሁ። «በል በል፣ ከግራውም ሞክር! ለሚስቴ ሁለት ነው ቃል የገባሁላት» አሉኝ። አሁን የሳቁት በእኔ ሳይሆን ከእኔ ጋር ነው።

ሁልጊዜ ከፊት የምትቀመጥ ጎረቤቴ አለች፤ እማዋይሽ ትባላለች፣ ጥጥ ፈትላ ትኖራለች። አንድ ልጇ ያረጋል ተማሪዬ ነበር። ክረምት ላይ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ወዴት እንደወጣ አልጽፍም፤ ደብዳቤ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያውቁታል። ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው እሷ ናት።

አንድ ችግር ቀርቷል። ገመዱ። ቆርጬ ስቀጥለው ማንም አይደነቅም። የት ላይ እንደተሳሳትኩ ይንገሩኝ።

ቴዎፍሎስ


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቴዎፍሎስ፤

የመድኃኔ ዓለም ጥበቃ አይለይህ። እዚህ ሰሞኑን ቤታችንን ዘግተን ነው የምንውለው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ጣሪያው አልተነካም።

የተሳሳትኸው በእጅህ አይደለም። ገመድ ለሽንዲ ሰው የበሬ ማሰሪያ ነው። ቢበጠስ ይቋጥረዋል። ስለሚቋጠር ነገር ማን ይጨነቃል? ሰው እንዲቆረጥበት የማይፈልገውን ነገር ፈልግ። ሳይዘው ከቤት የማይወጣውን። ያን ጊዜ መቀስህን ስታነሣ አንተ ሳትናገር እሱ ይናገርልሃል።

ነገር ግን ይህን በቀይ አስምርበት፦ ትርኢትህን ስትጨርስ የመጨረሻው ቃልህ «ይህ እጅ ነው» ይሁን። ባሳየህ ቁጥር። በአገራችን በዓይን ያዩትን አምላክ ወይም ሰይጣን ነው የሚሉ አሉ፤ እጅ ነው የሚል የለም። አንተ በልላቸው። መምህር መሆንህን አትርሳ።

እታለም


ሽንዲ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እቴቴ፤

የጌታ ልደት በሰላም አለፈልዎ? እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን በጊዜ ገባን። የዘገየሁት መንገዱ ስለተዘጋ ነው፤ ዘሩ ከመኪናው ጋር ቡሬ ታግቶ ከረመ።

ያሉኝን አገኘሁት። ማተብ ነው።

የራሴን ማተብ ከአንገቴ ሳልፈታ ወደ ፊት ሳብ አድርጌ መቀሱን አስጠጋሁ። ገበያው ጸጥ አለ። አንዲት ሴት፣ «ወየው! ማተቡን በጠሰ!» ብላ ጮኸች፤ ቆርጬው ነበርና። ጫፎቹን በጡጫዬ ጨበጥኩ፤ እንዳሉኝ ሰዉን ዓይን ዓይኑን አየሁ። ጡጫዬን ስከፍት ማተቤ ሙሉ ነበር። አላጨበጨቡም፣ እቴቴ። አማተቡ።

«ይህ እጅ ነው» ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። አልወጣልኝም። እንዲህ አድርጎ ሰው አይቶኝ አያውቅም። የደብራችን ቄስ ገብረሰንበት በኋላ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይህን አትድገም» አሉኝ። ደገምኩት። ከሌላ ቀበሌ ድረስ ሰው ይመጣል። አሁን ስሜ «ማተብ ቀጣዩ መምህር» ሆኗል።

ልብስ መስፊያ ሳጥንዎ ውስጥ የድሮ ጥቁር የሐር ክር እንዳለ አስታውሳለሁ፤ ወፍራሙ፣ የተገመደው። ካለዎት በዘሩ ይላኩልኝ። ቶሎ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ቴዎፍሎስ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቴዎፍሎስ፤

ከክፉ ይሰውርህ፤ ከራስህም።

ሳይዘው ከቤት የማይወጣውን ስልህ ባርኔጣውን፣ ዱላውን ማለቴ ነበር። ክርስትና ሲነሣ የታሰረለትን ነው ያልሁህ? ማተቡን በጠሰ የሚባለው ምን ያደረገ ሰው እንደሆነ ሳታውቅ ቀርተህ አይደለም። ቄሱ አትድገም ሲሉህ መድገምህ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

ስለ «እጅ ነው» የጻፍኸውን አንብቤአለሁ። ሰው እንዲህ አይቶኝ አያውቅም ትላለህ። እኔ ያስተማርሁህ ሰው ፊት መቆም ነው፤ ከሰው በላይ መቆም አይደለም።

ክሩን ልኬልሃለሁ። ለምን አሮጌ ክር እንዳስፈለገህ ግን አልጻፍህም። ገበያ ላይ አዲስ ሞልቷል። ጻፍልኝ። ያረጋል የተባለው ልጅስ ወሬው ተሰማ?

እታለም


ሽንዲ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ፤

እንደምን ከረሙ? ክሩ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። እዚህ ሙቀቱ በርትቷል። ጥሩ ሥራ ሠራሁ፤ እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ የበለጠ። ሰው አለቀሰ። ጊዜ ስለሌለኝ አሳጥራለሁ።

ቴዎፍሎስ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቴዎፍሎስ፤

ጾሙን የበረከት ያድርግልህ።

ሁለት ጥያቄ ጠይቄህ ስለ ሙቀት ጻፍህልኝ። ስለዚህ ዘሩን ከደጄ አስቀምጬ ጠየቅሁት። አፈረ፣ ባርኔጣውን አዟዟረ፤ በመጨረሻ፣ «እማማ፣ መምህሩማ የሞተ ያስነሣል ነው የሚባለው። የእማዋይሽን ልጅ ማተቡን ቀጥሎላት ሕይወቱን መለሰላት» አለኝ። «ልጁ ተመለሰ?» ብለው፣ «አልተመለሰም፤ ግን ይመለሳል ትላለች» አለ።

ምን አደረግህ? ሳታሳምር ጻፍ።

እታለም


ሽንዲ፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፤

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከገና በፊት ገነነ የሚባል የያረጋል ጓደኛ በዚህ አለፈ። አብረው ነበር የወጡት። ሽማግሌዎቹ ጋ ሊሄድ ሲል እማዋይሽ መንገድ ላይ አገኘችው። ሊሸሻት አልቻለም። ከኪሱ የልጇን ማተብ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠ፣ «ቋጠሮው አልፈታ ብሎኝ ነው የቆረጥኩት» አላትና ሄደ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ከሬሳ ላይ እንደቆረጠው አገሩ ሁሉ ገብቶታል። መርዶ ግን በወጉ ነው፤ ወንድሟ ሐብቴ ከማንኩሳ እስኪመጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ እስኪነግራት ድረስ ማንም ትንፍሽ አላለም። መንገዱ ተዘጋ። ሐብቴ ሳይመጣ ቀረ። እሷም የተቆረጠ ማተብ ይዛ፣ የሚነግራት ሰው ሳይኖር ከረመች።

አንድ ቀን ቤቴ መጣች። ማተቡን ዘረጋችልኝ። «መምህር፣ ያንተው ተቆርጦ ተቀጥሏል። የኔንም ቀጥልልኝ» አለችኝ።

«እማማ እማዋይሽ፣ እሱ እጅ ነው» ማለት ነበረብኝ። «የገበያ ቀን ይምጡ» አልኳት። ለጊዜው ላጽናናት ብዬ ነው፣ ወይም እንደዚያ ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ክሩን ከእርስዎ ያስመጣሁት ለዚህ ነው፤ የያረጋል ማተብ የድሮ ሐር ስለነበር። ያን ያህል ሙሉ ማተብ ገምጄ በቅቤና በአመድ አሸሁት፤ ዓመታት አንገት ላይ የኖረ መሰለ። የገበያው ቀን በሕዝቡ ፊት ተቀበልኳት። ቆምኩ። ጸጥታውን ጠበቅኩ። እንዳስተማሩኝ ሁሉ አደረግኩ፣ እቴቴ፤ አንድም ነገር አልተሳሳትኩም። ጡጫዬን ስከፍት እልልታው ከገበያው ዳር ተሰማ።

አሁን አንገቷ ላይ አስራዋለች። የተቆረጠው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹ ሊነግሯት ሲሉ፣ «ማተቡ ተቀጥሎ እያያችሁ ምን ልትሉኝ ነው?» ትላቸዋለች። ቄስ ገብረሰንበት ፍትሐት እናድርግለት ቢሉ ከደጇ አባረረቻቸው፤ ለቆመ ሰው ፍትሐት የለም ብላ። ነፍሱ ሳትፈታ ቆማለች። ለመንገዱ ስንቅ ታዘጋጅለታለች፤ በሶ ትፈጫለች። ገበያ መውጣት ትቻለሁ። ምን ላድርግ?

ቴዎፍሎስ


ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቴዎፍሎስ፤

ሄደህ ትነግራታለህ። ሌላ የለም።

ከቄሱ ጋር ሂድ፣ በማለዳ። ሕዝብ አታሰባስብ። አትቁም፤ ቁጭ በል። ድምፅህን አታስተካክል። በአንገቷ ያለውን እሷ ራሷ ፈትታ ሰፌድ ላይ ታስቀምጠው፤ አንተ አትንካው። የተቆረጠውን አጠገቡ አስቀምጥ። ሁለቱን ጎን ለጎን ትያቸው። እጅህን አትጨብጥ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብበው፦ እጅህን አትጨብጥ።

ሆሳዕና ሳይገባ ይሁን። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም፤ ያ ልጅ ከዚህ በላይ መጠበቅ የለበትም።

ክሩን የላክሁልህ በእኔ እጅ ነው። የእኔም ድርሻ እንዳለበት አውቄዋለሁ።

እታለም


ቡሬ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፤

ቡሬ ነኝ፤ የዘሩ ወንድም ቤት፣ ከእህል መጋዘኑ ጓሮ። ሽንዲ መመለስ አልችልም።

ከቄስ ገብረሰንበት ጋር ሄድን። ተቀመጥኩ። ማተቡን ትፍታው ያሉኝን ረስቼ አይደለም፤ ቋጠሮው እምቢ አላት፣ «አንተ ፍታልኝ» አለችኝ። ፈታሁላት። እጄ ውስጥ ገባ። በሌላው እጄ የተቆረጠውን ከኪሴ አወጣሁ። እቴቴ፣ እኔ አይደለሁም ያደረግኩት፤ እጄ ነው። ለወራት ያስለመድኩት እጄ ሙሉውን በጡጫዬ ውስጥ ዋጠው። ስዘረጋላት የታየው የተቆረጠው ብቻ ሆነ።

አየችው። «ቆረጥከው» አለች፣ በቀስታ። ከዚያ ጮኸች፦ «ቀጥለህ ሰጥተኸኝ ቆረጥከው! ልጄን ደግመህ ገደልክብኝ!»

«አይደለም እማማ፣ ሙሉው ይኸው! ሁለት ናቸው!» ብዬ ሌላኛውን እጄን ከፈትኩ። ጎረቤቶች ገብተው ነበር። አንዱ፣ «አየኸው? አሁን ደግሞ ቀጠለው» አለ። እሷ እግሬ ላይ ወደቀች። «እባክህ፣ እንደዚያ አድርገህ ተወው፤ አትቁረጠው፣ የፈለግከውን እሰጥሃለሁ» እያለች። እውነቱን ስናገር ትርኢት ነው አሉ። ስምል ትርኢት ነው አሉ። ሳለቅስ አንዲት ሴት፣ «ልቅሶም ይችላል» አለች።

ልጆቹ ድንጋይ አነሱ። ስቀው የነበሩት ልጆች ናቸው። ቄሱ ፊቴ ቆመው ባያወጡኝ ኖሮ ይህን አልጽፍልዎትም ነበር። ሁለቱም ማተቦች እሳቸው ዘንድ ናቸው።

ምንም አልጠይቅዎትም። ይጸልዩልኝ።

ቴዎፍሎስ


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቴዎፍሎስ፤

ባለህበት ያጽናህ። ሽንዲ ሄጄ ተመልሻለሁ። ቡሬን ሳልፍ ያልጠራሁህ ሆን ብዬ ነው።

መንገዱ እንደተከፈተ በዘሩ መኪና ከፊት ተቀመጥሁ። ጉልበቴን የምነግርህ ነገር የለም። ማንኩሳ ላይ የእማዋይሽን ወንድም ሐብቴን አሳፈርነው። «መርዶ ይዤ ስወጣ መንገዱ ደጋግሞ መለሰኝ፤ እግዜርም አትናገር ያለኝ መስሎኝ ተውሁት» አለኝ። «እግዜር የሚዘጋው በእንጨትና በድንጋይ አይደለም» አልሁት።

እማዋይሽ ከደጇ ተቀምጣ በሶ የምትቋጥርበትን ጨርቅ ትሰፋለች። ማን እንደሆንሁ ነገሯት። ቀና ብላ፣ «የሱ አክስት ነዎት? ሊቀጥሉልኝ ነው የመጡት?» አለችኝ።

«ላሳይሽ ነው የመጣሁት» አልኋት። «ግን ከፊት ለፊቴ አትቀመጪ። ከጎኔ ተቀመጪ።»

ከቦርሳዬ ለአንተ ከላክሁት የተረፈውን ጥቁር ክርና መቀስ አወጣሁ። ጣቶቼን ታውቃቸዋለህ፤ የሹራቤን ቁልፍ እንኳ የጎረቤት ልጅ ነው የሚቆልፍልኝ። አንዱን ሙሉ ክር መዳፌ ውስጥ ደበቅሁ፣ ሌላውን ቆረጥሁ፣ ጨበጥሁ። ዐውራ ጣቴ አልታጠፍ አለኝና ሙሉው ጭኗ ላይ ወደቀ።

አነሣችው። «እማማ፣ ይህ ወደቀብዎ።»

«አልወደቀም። መጀመሪያውኑ እዚያ ነበር። መምህሩም እጅ ውስጥ እንዲሁ ነበር፤ የሱ ጣት ወጣት ስለሆነ አይወድቅበትም።»

እንደገና ሠራሁት። እንደገና ወደቀ። ጎረቤቶቿ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ነበር፤ አንዷ ሳቀች። እማዋይሽ፣ «ምን ዓይነት ምትሃተኛ ነዎት እርስዎ?» አለችኝ፤ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት።

«መጥፎ» አልኋት። «በይ አንቺ ሞክሪው።»

ፈታይ ናት፤ ጣቷ ካንተም ፈጠነ። ደበቀች፣ ቆረጠች፣ ጨበጠች። ግራ እጇን ስትከፍት ክሩ ሙሉ ነበር። መዳፏን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከአጥሩ ወዲያ ያሉትም ዝም አሉ። ያን ዝምታ እኔ አልጠራሁትም፤ የጸጥታ ልክ ያ ነው፣ ቴዎፍሎስ።

«የተቆረጠውስ?» አለች።

«የት እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ቀኝ እጇን በቀስታ ከፈተችው። ሁለቱ ቁራጭ እዚያ ነበሩ።

«ያን ጊዜም እንዲህ ነበር?»

«እንዲህ ነበር።»

«እልል ስል?»

«እልል ስትዪ ኪሱ ውስጥ ነበር።»

«ተቆርጦ?»

«ተቆርጦ።»

ከዚህ በኋላ ወደ ቄሱ ዞራ፣ «የልጄን ስጡኝ» አለች። ሁለቱንም ሰጧት። አንተ የሠራኸውን ሳታየው መሬት ላይ አስቀመጠችው። የተቆረጠውን አንሥታ አሸተተችው። ቋጠሮውን በጣቷ ዳበሰች። «እኔ ነኝ የቋጠርሁት» አለች። «ሲወጣ አጠበቅሁለት። ለዚያ ነው ለገነነ ያልተፈታለት።»

ያን ጊዜ ሐብቴ ተነሥቶ በወጉ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የነበረውን አልጽፍልህም፤ ልቅሶ በደብዳቤ አይገባም። የያረጋልን ጋቢ መደብ ላይ ዘረጉለት፣ ማተቡን በላዩ አኖሩት፤ አስክሬኑ ያ ነው። ፍትሐቱ ሆሳዕና ሳይገባ ተደረገ። ድንጋይ ካነሡት ልጆች ሁለቱ መስቀል ይዘው ቆሙ።

ከሰው ፊት መቆምን ያስተማርሁህ እኔ ነኝ፤ ከሰው ጎን መቀመጥን ግን አላስተማርሁህም። ይህን ለራሴ ነው የምጽፈው። ሻሼን መልስልኝ።

ልመለስ ስል እማዋይሽ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርስልሃለሁ፦

«አርባው ከፋሲካ በኋላ ነው። ውሃ የሚያመላልስልኝ ሰው የለኝም። ያን ልጅዎን ይምጣ በሉት። ሲገባ ግን ከአጥሩ ጀምሮ እጁን ዘርግቶ ይግባ።»

እታለም